አምቡላንሱ ሜዳ ዳር፣ በሽታው ፔንሲዮን ውስጥ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ደሴ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ከየወረዳው የሚመጡ የወጣት ቡድኖች በእግር ኳስና በአትሌቲክስ የሚወዳደሩበት የአሥራ አምስት ቀን ውድድር ከተማችን ላይ ሊካሄድ ነው። የጤና ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ገብተሻል ተባልኩ። ሰብሳቢው አምቡላንስና የመጀመሪያ ዕርዳታ ካለ ይበቃል ባይ ነው። የበሽታ ቅኝትስ፣ ማለትም ማን የት ምን እንደታመመ በየቀኑ መከታተልስ ብዬ ሳነሳ ‹ይሄ እኮ ኦሎምፒክ አይደለም› ብለው ሳቁብኝ። እውነት ያስፈልጋል ወይ? ካስፈለገስ ያለ በጀትና ያለ ኮምፒውተር ምን ላድርግ? የሆነ ነገር ብናገኝስ ውድድሩን ማቆም አለብን?»

አብሽሪ እህቴ። «ኦሎምፒክ አይደለም» ያሉሽ አልተሳሳቱም። ኦሎምፒክ ቢሆን ኖሮማ ሥራሽ ይቀልልሽ ነበር። እዚያ ስፖርተኛው የሚያድረው አንድ መንደር ነው። ክሊኒኩ እዚያው፣ ምግቡ እዚያው። አንቺ ጋ የሚመጣው ልጅ ግን ወይ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ያድራል፣ ወይ ሸዋ በር አካባቢ ፔንሲዮን ይይዛል፣ ወይ አክስቱ ቤት ይገባል። ምሳውን የት እንደበላ የሚያውቁት እሱና አስተናጋጇ ብቻ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅትም ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ዝግጅት በሰው ቁጥር ብቻ አይለካውም። መለኪያው፣ የመጣው ሰው የአካባቢውን የጤና አቅም ያስጨንቃል ወይ የሚለው ነው። ወልድያ ያለው ስታዲየም 25 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ያ ሁሉ ሰው አንድ ከሰዓት ጨፍሮ ወደየቤቱ ቢበተን ብዙም ላያስቸግርሽ ይችላል። አርባ ልጅ ከአንድ ሮቶ እየጠጣ፣ በአንድ አዳራሽ አሥራ አምስት ሌሊት ሲያድር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ሜዳውን ለአምቡላንሱ እንድትተዪለት ነው። አንቺ የሚተኙበትንና የሚበሉበትን ያዢ።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ላይ የተካሄደውን የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ታስታውሺዋለሽ። እኛ በአልማዝ አያና 10 ሺህና በሙክታር እድሪስ 5 ሺህ ስንደሰት፣ ቡድኖች ካረፉባቸው ሆቴሎች በአንዱ ኖሮቫይረስ ገብቶ ነበር። ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ነው። ወደ 30 የሚጠጉ ስፖርተኞችና የቡድን አባላት መታመማቸው ተነገረ። ለ400 ሜትር ሜዳሊያ ይጠበቅ የነበረው የቦትስዋናው አይዛክ ማክዋላ 48 ሰዓት ተለይቶ እንዲቆይ ተወሰነበትና ፍጻሜው አመለጠው። እሱ ደግሞ ደህና ነኝ እያለ ስታዲየም ድረስ መጥቶ ከበር ተመለሰ። በኋላ የ200 ሜትር ማጣሪያውን ዝናብ ላይ ብቻውን ሮጦ አለፈ። ዓለም ሁሉ የተነጋገረው ስለ ሩጫው ነው። በሽታው ግን የሆቴል ነገር ነበር።

በዓመቱ ደቡብ ኮሪያ ፒዮንግቻንግ በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ ያው ቫይረስ በጥበቃ ሠራተኞች ማደሪያ ገባ። ወደ 1,200 የሚሆኑ ጠባቂዎች ከሥራ እንዲቆዩ ተደርጎ 900 ወታደሮች ተተኩ። ልብ በይ፤ መጀመሪያ የታመሙት ስፖርተኞች አልነበሩም። ስለዚህ ዝርዝርሽ ውስጥ ተጫዋቾችን ብቻ አትጻፊ። ዳኞች፣ ሾፌሮች፣ አብሳዮች፣ ጥበቃዎች፣ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ዳኞቹ ቢታመሙ ውድድሩ ያለ ማንም ውሳኔ ራሱን ያቆማል።

ስታዲየም ምንም አያስተላልፍም እያልኩሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ሚኒያፖሊስ፣ ጣራ ያለው ስታዲየም ውስጥ በተካሄደ የስፔሻል ኦሎምፒክስ መክፈቻ ላይ ኩፍኝ የያዘው አትሌት ነበር። ከአትሌቶቹ መግቢያ ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ላይኛው ፎቅ የተቀመጡ ሁለት ተመልካቾች ኩፍኝ ያዛቸው። ሌላ የተገናኙበት መንገድ አልተገኘም። የእኛ ሜዳዎች ሰማይ ጣራቸው ስለሆነ ይሄኛው ስጋት ይቀንሳል። ኩፍኝ ግን በሩ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥም፣ በመኝታ ክፍልም ያው ኩፍኝ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ቡድኖቹ ከመድረሳቸው በፊት የተለመደው ስንት እንደሆነ እወቂ። ጤና ጣቢያሽ በሳምንት ስንት ተቅማጥ ያያል? ስንት ትኩሳት? መዝገቡ እጅሽ ላይ ነው። ከሰኞ እስከ እሑድ እየተደመረ የሚላከው ሳምንታዊ ሪፖርትም አለ። ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ሳምንታትና ያለፉትን አንድ ሁለት ወራት ደብተር ላይ ገልብጪ። ይህ ከሌለሽ በአራተኛው ቀን ስምንት ተቅማጥ ሲመጣ ይብዛ ይነስ በምን ታውቂያለሽ? ያን ጊዜ አንዱ «ወረርሽኝ ገባ» ብሎ ይደነግጣል። ሌላው «ሁሌም ያለ ነው» ብሎ ይተኛል። ሁለቱም የሚናገሩት በግምት ነው።

ቀጥሎ ሰው ያስፈልግሻል። መጀመሪያ ወጌሻዎቹን አግኚ። ቡድን መሪው የሚያወራሽ ስለ አበልና ስለ ትራንስፖርት ነው። አሠልጣኙ ልጅ ሲታመምበት ተጋጣሚ እንዳይሰማ ይደብቃል። ልጁ ራሱ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ይደብቃል። ወጌሻው ግን እግሩን ሲያሸው ትኩሳቱ በእጁ ያልፋል። ማን ሌሊት ሦስቴ ወደ መጸዳጃ እንደሮጠ ያውቃል። ማን ምሳውን ሳይነካ እንደተነሳም ያያል። የእያንዳንዱን ቡድን ወጌሻ ስልክ በመጀመሪያው ቀን ውሰጂ።

ሁለተኛዋ አልጋ የምታነጥፈዋ ሴት ናት። ይቺን ሰው ማንም አይጠይቃትም። አንሶላ ላይ ትውከት ያገኘችው ግን እሷ ናት። የትኛው ክፍል የሽንት ቤት ወረቀት እንደጨረሰም ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሦስተኛው በየማደሪያው አጠገብ ያለው ፋርማሲ ነው። ማታ ማሊያ ለብሰው የመጡ ልጆች ለተቅማጥ የሚወሰዱትን ፍላጅልና ኦአርኤስ ከገዙ ደውልልኝ በዪው። ስማቸውን አትጠይቂው። ቁጥሩ ይበቃሻል። ከዚያ አብሳዮቹ፣ ከዚያ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነርስ።

ለእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ቃል ግቢ። የቡድን ስም በድምፅ ማጉያ አይነገርም። የልጁም ስም ለተጋጣሚ አይደርስም። መረጃው ለጤና ሥራ ብቻ ነው። ይህን ቃል አንዴ ካፈረስሽ በሚቀጥለው ቀን ሁሉም «ደህና ነን» ይልሻል። ስለ ዕድሜም እንዲሁ። በወጣቶች ውድድር ላይ ዕድሜ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ! የአሥራ ሰባት ዓመት ማሊያ ለብሶ ጢሙን የሚላጭ አለ። የኩፍኝ ክትባት ታሪክ ስታጣሪ እውነተኛው ዕድሜ ይጠቅምሻል። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አገራችን ውስጥ በመደበኛነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያደጉት ብዙዎቹ በመደበኛው ክትባት ያገኙት አንድ ጊዜ ነው። «ለእኔ እውነቱን ንገረኝ፣ ለፌዴሬሽኑ አልናገርም» በዪው። ይስቅና ይነግርሻል።

ኮምፒውተር የለኝም ላልሽው፣ አያስፈልግሽም። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሎምፒክን ስታስተናግድ በየቀኑ የጤና ሁኔታ ሪፖርት ይወጣ ነበር። የመረጃው ዋና ምንጭ ግን ድሮም የነበረው አሠራር ነው። አጠናከሩት፣ የሳምንቱን የዕለት አደረጉት። አንቺም ሳምንታዊውን ዕለታዊ አድርጊው። ባለ ካሬ ደብተር ግዢ። በቁመት የማደሪያዎቹን ስም፣ በአግድም አምስት ነገር ጻፊ፤ ተቅማጥና ትውከት፣ ትኩሳት ከሽፍታ ጋር፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ ትኩሳት ከሳል ጋር፣ ሌላ ትኩሳት። ሁልጊዜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደውዪና ሙዪው። የታመመ ከሌለ ዜሮ ብለሽ ጻፊ። ባዶ ሳጥን አትተዪ። ዜሮ ማለት ጠይቄ የለም ተባልኩ ነው። ባዶ ማለት አልጠየቅኩም ነው። ከዳር ሆኖ ደብተሩን ለሚያይ ሰው ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

የምትደነግጪበትን መስመርም ቀድመሽ አስምሪ። እኔ የምጠቀምበት ቀላል ነው። ከአንድ ማደሪያ፣ በአንድ ቀን ውስጥ፣ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሁለት ሰዎች ከተገኙ ተነስቼ እሄዳለሁ። ሦስተኛውን አልጠብቅም። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ።

አንዳንዴ ግን ይሆናል። ምን እንደምታደርጊ በምናብ እንሂድ። ወጌሻው ደውሎ «አሥር ልጆች ሆዳቸው ተበላሽቷል» አለሽ እንበል። ሁሉም «ትናንት የበላነው ጥብስ ነው» ይላሉ። የታመመ ሰው ጥፋተኛ ለማግኘት ይቸኩላል፤ ሥጋ ደግሞ ሁሌም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። አንቺ ግን የታመሙትን ብቻ አትጠይቂ። ያልታመሙትንም ጠይቂ። የቡድኑ አባላት 24 ናቸው። ጥብሱን ሁሉም በልተዋል፤ ስለዚህ ጥብሱ ማንን ከማን እንደሚለይ አይነግርሽም። ውሃውን ስትጠይቂ ግን 16ቱ ግቢው ውስጥ ካለው ሮቶ ጠጥተዋል። 8ቱ ሃይላንድ ብቻ። ከ16ቱ 9ኙ ታመዋል፤ 56 በመቶ ነው። ከ8ቱ አንዱ ብቻ፤ 13 በመቶ አይሞላም። ሮቶውን የጠጣው በአራት እጥፍ ተኩል ይበልጥ ታሟል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ፍርድ ቤት አያስኬድም። ሮቶውን ለመዝጋት ግን ይበቃል። የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ልጆቹ ከዚያው ሲጠጡ ማየት የለብሽም።

ሮቶውን ዝጊ፣ አስጠቢ፣ ውሃ አጋር ወይም ሌላ ክሎሪን አስጨምሪ። ቀሪ ክሎሪኑ በሊትር 0.5 ሚሊግራም አካባቢ መሆኑን ለኪ። መለኪያው ከውሃ ቢሮ ወይም ከጤና መምሪያ ይገኛል። ትውከት ያረፈበትን ወለል 5 በመቶ በሆነ በረኪና አስጸጂ፤ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር። ኮሚቴው በኩራት የገዛው ሳኒታይዘር ኖሮቫይረስ ላይ እምብዛም አይሠራም። ከመጸዳጃው አጠገብ የታሰረ ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ይሻላል። ሳሙናውን በመረብ አስሪው፣ አለበለዚያ እስከ ማታ አይቆይም።

ናሙና መውሰድ አትርሺ። የተቅማጥ ናሙና ማጓጓዣውን ካሪ ብሌር ከውድድሩ በፊት ከጤና መምሪያው አስመጪ። በሽታው ከገባ በኋላ መፈለግ ማለት መድኃኒት መውሰድ ከጀመረ ሰው ናሙና መውሰድ ነው። ደሴ ላይ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ስላለ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አለሽ።

የዕለቱን ደብተር ጽፈሽ ብቻ የማትተኚባቸው ነገሮችም አሉ። የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያለው አዋቂ ሰው ኮሌራ ነው ብለሽ ተነሺ። አንድ በምርመራ የተረጋገጠ ኮሌራ ብቻውን ወረርሽኝ ነው። ኩፍኝም፣ ቢጫ ወባም ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉት ናቸው። ከጤና ተቋም ወደሚቀጥለው እርከን ለማሳወቅ ያለሽ ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ፎርሙ አልተሞላም ብለሽ አትዘግዪ። መጀመሪያ ደውዪ፣ ከዚያ ሙዪ። የከተማው ሰው ስልክ ካላነሳ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335 አለ። ማጅራት ገትር በመመሪያው ከሳምንታዊዎቹ ጋር ቢጻፍም፣ ውድድር ላይ ግን እስከ እሑድ ልትጠብቂው አትችይም። የማጅራት ገትር ቀበቶ የሚባለው ከሴኔጋል ተነስቶ እኛ ጋ የሚደርስ ነው። ውድድሮቻችን ደግሞ የሚበዙት በበጋው ወራት ነው፤ አቧራው፣ ደረቁ አየር፣ መስኮቱ ተዘግቶ የሚተኛ ክፍል። ከታመመው ጋር አብረው ለተኙት መከላከያ መድኃኒት በቶሎ መሰጠት አለበት።

ስለ ትኩሳት አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ ትኩሳት ሲባል እጃችን ቶሎ «ታይፎይድ ታይፈስ» ወደሚለው ምርመራ ይሄዳል። ልጁ ግን የመጣው ከቆቦ፣ ከሐብሩ፣ ከባቲ ወይም ከከሚሴ ቢሆንስ? ወባውን ደሙ ውስጥ ይዞ ዳገቱን ወጥቷል። ትንኟ ከነከሰችው በኋላ በሽታው እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ይወስዳል። እናም ቤቱ ተነክሶ ደሴ ላይ ይተኛል። ካርዱ ላይ ከየት እንደመጣ ይጻፍ። ቆላ ከሆነ የወባ ምርመራ ይቅደም። በዚህ ነገር ብዙ ባለሙያ ሲዘናጋ አይቻለሁ። ያናድደኛል።

«ውድድሩን እናቁም ወይ?» ለሚለው፣ ማቆም የመጀመሪያው መፍትሔ ሆኖ ሲመጣ ሁሌም እጠረጥራለሁ። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. የ2015ን የአፍሪካ ዋንጫ በኢቦላ ስጋት ይራዘምልኝ ብላ ካፍ እምቢ ሲላት ውድድሩ ኢኳቶሪያል ጊኒ ሄዶ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ ትንኝ በምታስተላልፈው የዚካ ቫይረስ ምክንያት ይራዘም ብለው ከ100 በላይ ምሁራን ፈርመው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አልተቀበለውም። ከጨዋታው በኋላም ከተሳታፊዎቹ መካከል በላብራቶሪ የተረጋገጠ ዚካ ሪፖርት አልተደረገም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የቤርጋሞው አታላንታና የስፔኑ ቫሌንሲያ ጣሊያን፣ ሚላን ላይ ሲጫወቱ ከቤርጋሞ የሄደው ደጋፊ ብቻ 40 ሺህ ገደማ ነበር። ኮሮና በመካከላቸው መኖሩን ያን ምሽት ማንም አላየም። ከሁለት ቀን በኋላ ነው ጣሊያን ውስጥ የመጀመሪያው የአካባቢ ስርጭት የታየው። ከዚያ ጨዋታ የምወስደው፣ ቅኝቱ ዓይን ካልሆነሽ የማቆምም የመቀጠልም ውሳኔ በጭፍን እንደሚሆን ነው።

አንቺ ጋ አብዛኛው ነገር ውድድሩን ሳያቆም የሚስተካከል ነው። አንድ ወጥ ቤት ይዘጋል፣ አንድ ክፍል ይለያል፣ ሦስት ልጆች ያርፋሉ። ማን እንደሚያርፍ ግን ውድድሩ ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን። ለምሳሌ ትውከትና ተቅማጥ ያለበት ሰው ምልክቱ ከጠፋ በኋላ 48 ሰዓት ከሌሎች ጋር አይመገብም፣ አይጫወትም። ቡድኖቹ ዕጣ ሊያወጡ ሲሰበሰቡ ይህን አንብቢላቸውና አስፈርሚያቸው። ሕጉ በግማሽ ፍጻሜው ዋዜማ ከመጣ፣ «ሆን ተብሎ ነው» ይባልና የማክዋላ ጣጣ ደሴ ይገባል። ውሳኔ ሰጪውም የጤና ባለሙያ ይሁን። የሰብሳቢው ወንድም የሚጫወትበት ቡድን ሲሆን ደግሞ ይህ በጣም ያስፈልግሻል።

ቅኝቱ ዋንጫው ሲነሳ አያልቅም። ኩፍኝ ከተነካኩበት ቀን እስከ ሽፍታው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ እስከ 21 ቀን የሚዘገይም አለ። በመጨረሻው ቀን የተያዘ ልጅ የሚታመመው ወረኢሉ ወይም ላሊበላ ነው። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ስለ ውድድሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ከመለያየታችሁ በፊት የየወረዳውን የድንገተኛ ጤና አደጋዎች ተጠሪ ስልክ ያዢ። ለሦስት ሳምንት በየሳምንቱ አንዴ ደውዪ። «ከደሴ የተመለሰ፣ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ አይታችኋል?» ይኸው ነው ጥያቄው።

ከኮሚቴው የምትጠይቂው ትንሽ ነው፤ የሞባይል ካርድ፣ ደብተር፣ ክሎሪን፣ ሳሙና፣ ለሁለት ባለሙያዎች የባጃጅ ሒሳብ። ልምድ ከፈለግሽ ደግሞ ሩቅ አትሂጂ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ መውሊድ ላይ ጀማ ንጉሥ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲወጣ ውሃና መጸዳጃ ሲከታተሉ የኖሩ ባለሙያዎች ዞን ጤና መምሪያ ውስጥ አሉ። አንዷን ወይም አንዱን ቡና ጋብዢና ንዑስ ኮሚቴው ውስጥ አስገቢያቸው። ሰብሳቢው እንደገና «ኦሎምፒክ አይደለም» ካለሽ እነሱ ይመልሱለታል።